ሂሩት ከጠመንጃው በፊት

(በአንድ የመጻሕፍት ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ? በበሩ በኩል የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ለፊት ባዶ ወንበሮች አሉ፤ ኑ ተቀመጡ። የፊት ወንበር የባለሥልጣን ነው ብላችሁ ፈርታችሁ ከሆነ ዛሬ የተጋበዘ ባለሥልጣን የለም። ኑ፣ ግቡ።

የተከበራችሁ እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፤ በሥራ ቀን፣ ያውም በዚህ ዝናብ፣ ስለ ልብ ወለድ ለመስማት ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዕድሜዬን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ኖሬ የማውቀው፣ የተማሪ ስም ተጠርቶ የሚሞላ ክፍል ነው። ሳይጠራ የሚሞላ አዳራሽ ሳይ ደስ ይለኛል።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «በተለያየ ዘመን የኖሩ ወጣት ሴቶችን ሕይወት የሚያያይዝ ልብ ወለድ» የሚል ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚጽፍ ደራሲ ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ሴቶቹን በምን ያያይዛቸው? ቀላሉ መንገድ የዘር ሐረግ ነው። አያት፣ እናት፣ ልጅ። አያት የጀመረችውን የልጅ ልጅ ትጨርሰዋለች፤ አንባቢም እንባውን ጠርጎ መጽሐፉን ይከድናል። እኔ ይህን መንገድ ብዙም አልወደውም። ደራሲው ራሱ ሊደክምበት የሚገባውን ሥራ ዝምድና ይሠራለታል። ለምን ተያያዙ ብለህ ስትጠይቀው «ዘመዳሞች ናቸዋ!» ይልሃል።

ለዛሬ የመረጥኩት መጽሐፍ እንዲህ አያደርግም። የመዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» ነው፤ «የጥላው ንጉሥ» እንደ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ተጽፎ በ2019 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ በቀጣዩ ዓመት ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ደራሲዋ አዲስ አበባ ተወልዳ በአብዮቱ ጊዜ በአራት ዓመቷ ከቤተሰቧ ጋር ከአገር የወጣች ናት። የመጀመሪያው ልብ ወለዷም ስለዚያው አብዮት ነው።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ ስለ ጠመንጃው፣ ሁለተኛ ስለ ፎቶግራፉ፣ ሦስተኛ ስለ ማድ ቤቱ። ዋናው ሦስተኛው ነው። የፊተኞቹን ሁለቱን ቶሎ ልለፋቸው አስቤ ነበር፤ ግን ተማሪዎቼ እዚህ ስላሉ ያውቁኛል፣ ቃል አልገባም።

መጽሐፉን ላላነበባችሁ ባጭሩ ላውራው። ሂሩት ወላጆቿ የሞቱባት ልጅ ናት። ኪዳኔ በሚባል ባላባትና በሚስቱ በአስቴር ቤት በገረድነት ትኖራለች። ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረ፤ ኪዳኔም ጦር ያሰባስባል። ሴቶቹም ይዘምታሉ። ንጉሡ አገር ለቀው ሲሄዱ የሕዝቡ ልብ እንዳይሰበር መልኩ ንጉሡን የሚመስል አንድ ምስኪን ሰው ይገኝና የንጉሥ ልብስ ይለብሳል፤ ሂሩት የእርሱ ጠባቂ ትሆናለች። ርዕሱ የመጣው ከዚህ ነው። የታሪኩ ሌላ ጫፍ ያለው በአብዮቱ ዓመት ነው። ዕድሜዋ የገፋው ሂሩት አዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ተቀምጣ፣ ሣጥን ይዛ፣ አንድ ጣሊያናዊ ትጠብቃለች።

እሺ፣ ወደ ጠመንጃው እንሂድ።

ሂሩት ከአባቷ የቀረላት አንድ ንብረት ቢኖር ውጅግራ ነው። ውጅግራ በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣ የፈረንሳይ ጠመንጃ ሞዴል ነው። ልጅቷ እጅ ላይ በሚገኝበት ጊዜ ስድሳ ዓመት አልፎታል። ከአውሮፕላንና ከመርዝ ጋዝ ፊት ምን ሊሠራ? ለሂሩት ግን አባቷ ነው። አስቴር የጠፋባትን ጌጥ ስትፈልግ የልጅቷን ዕቃ ትበረብራለች፤ ጠመንጃው ይገኛል። ኪዳኔም ይወስደዋል። ለምን? ለአገር። ለጦርነቱ ያስፈልጋል። እስቲ ማን ይከራከረዋል? አገር ተወሮ ሳለ «የአባቴን ጠመንጃ መልስልኝ» የምትል ገረድ ነውረኛ አትባልም?

ይህን ቦታ ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ለአገር ተብሎ ከባላባቱ የተወሰደ ነገር የለም። ከገረዷ ግን ተወሰደ።

ደራሲዋ በመጽሐፏ ማብቂያ ላይ የምትነግረን አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። ይህን ልብ ወለድ ለረጅም ጊዜ ስትጽፍ ከቆየች በኋላ ነው የሰማችው፤ የነገሯትም እናቷ ናቸው። ጣሊያን ሊወር በተቃረበበት ጊዜ ከየቤቱ አንድ ሰው እንዲዘምት ሲታዘዝ በቅድመ አያቷ ቤት ለዘመቻ የደረሰ ወንድ ልጅ አልነበረም። ታላቋ ልጅ ያቺው ቅድመ አያቷ ናት። «እኔ እሄዳለሁ» አለች። አባትየው ጠመንጃውን ሊሰጡ ያሰቡት ግን ለእርሷ አልነበረም፤ ገና አብራው መኖር እንኳ ላልጀመረችው፣ ቤተሰብ ለመረጠላት ባል ነበር። ምን አደረገች መሰላችሁ? አባቷን ከሰሰች። ዳኛ ፊት አቆመቻቸው። ረታችም። ጠመንጃዋን ተረክባ ዘመተች።

እስቲ አስቡት። ልጅ! ያውም ሴት ልጅ! ያውም በአባቷ ላይ!

ይህን ታሪክ በነገርኩ ቁጥር «ይህማ ተረት ነው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ተረት አይደለም። በሰሜኑ የርስት ሥርዓት ሴት ልጅ በአባቷም በእናቷም ወገን መሬት ትካፈል ነበር። ድርሻዋን ሲነፍጓት ደግሞ ጠበቃ ሳትል፣ ነጠላዋን አጣፍታ ዳኛ ፊት ቆማ ትሟገት ነበር። ሙግት የወንድ ብቻ ሙያ ሆኖ አያውቅም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰውዬ፣ እኔ እንደምጠረጥረው፣ በአንዲት ሴት ተረትቶ ከችሎት ሲመለስ ነው ያወጣው።

ስለዚህ ሁለት ልጆች አሉን። አንዷ በልብ ወለድ፣ አንዷ በእውን። ሁለቱም የአባት ጠመንጃ ጠየቁ። በእውን የነበረችው ረታች፤ በልብ ወለዱ ያለችው ተነጠቀች። ልዩነቱ ምንድን ነው? ድፍረት ነው? አይደለም። ሂሩት ድፍረት አይጎድላትም። ልዩነቱ አንደኛዋ በአባቷ ቤት ያለች ልጅ መሆኗ ነው፤ ሌላዋ በሰው ቤት ያለች። በአባቷ ቤት ያለችው ልጅ የምትከሰው አባት አላት። ሂሩት ማንን ትክሰስ? በምን ወገን? ማን ዋስ ሆኗት?

ሁለተኛው ፎቶግራፍ ነው።

ሂሩት ባቡር ጣቢያ ይዛው የተቀመጠችው ሣጥን በፎቶግራፎችና በደብዳቤዎች የተሞላ ነው። ባለቤቱ ኤቶሬ የሚባል ጣሊያናዊ ወታደር ነው፤ ፎቶ አንሺ። ሂሩትና አስቴር ተማርከው ሳለ አዛዡ እንዲያነሳቸው ያዝዘዋል፤ እርሱም ያነሳቸዋል። እንዴት እንዳነሳቸው እዚህ አልዘረዝርም፤ አንብቡት። ደራሲዋ እንዲህ ያሉ እውነተኛ ፎቶዎችን ለዓመታት ከጣሊያን የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች ስትሰበስብ ኖራለች። ለምን በዙ? ወታደሩ ካሜራ ይዞ ስለመጣ ነው። በ1928 እየዘፈኑት የመጡት ዝነኛ ዘፈን እንኳ ለአንዲት ጥቁር ልጃገረድ የተዘፈነ ነበር፤ ነጻ አውጥተን ሮም እንወስድሻለን ይላታል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም.፣ ያው መንግሥት ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር በእስራት የሚቀጣ ሕግ አወጣ። ልጃገረዷን ግን ማንም አልጠየቃትም፤ ሲዘፈንላትም፣ ሲከለከልባትም።

እዚህ ላይ ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ላውጋችሁ። አስተምር በነበረበት ጊዜ ተማሪዎቼን ከየቤታቸው ያለውን ያረጀ ፎቶ ይዘው እንዲመጡና ስለ አንዲት ሴት አንድ ገጽ እንዲጽፉ አዝዣቸው ነበር። አንዷ የሠርግ ፎቶ አመጣች። ጥቁርና ነጭ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተከረከመ፣ የዛሬ ልጆች የማታውቁት ዓይነት። ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። በሰማያዊ ቀለም፣ ባማረ የእጅ ጽሑፍ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ብሎ ይጀምራል፤ ግራዝማች እገሌ፣ ባላምባራስ እገሌ፣ አቶ እገሌ፣ አቶ እገሌ፣ ሙሽራው እገሌ ከነባለቤቱ፣ እንዲሁም ቤተ ዘመድ። ቤተ ዘመድ የተባሉት እነማን ናቸው? ከኋላ የቆሙ ሰባት ሴቶች።

ልጅቷን «ሂጂና አያትሽን ጠይቂያቸው» አልኳት። ሙሽራዋ፣ ያቺ «ከነባለቤቱ» የተባለችው፣ አያቷ ናቸው። በማግሥቱ ልጅቷ መልሱን ይዛ መጣች። አያትየው ስድስቱን ሴቶች ያለ መነጽር፣ ከነአባቶቻቸው ስም ዘርዝረው ጠርተውላታል። ሰባተኛዋ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። «እሷማ የቤቱ ሠራተኛ ነበረች፤ የሠርጉን ጠላ የጠመቀችው እሷ ናት። እጇ የተባረከ ነበር። ማን ነበር ስሟ?» አሉ።

ጠላውን ያስታውሳሉ። እጇን ያስታውሳሉ። ስሟን አላስታወሱም። ልጅቷ ግን ብልህ ነበረች፤ አንድ ገጿን የጻፈችው ስለ ሰባተኛዋ ነው።

እንግዲህ ማድ ቤት ደረስን።

ይህን መጽሐፍ ብዙ ቦታ ሲወያዩበት ሰምቻለሁ። ሁሉም የሚያነሳው ስለ ሴት አርበኞች ነው። ጥሩ ነው፣ ይነሳ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ለአርበኞች ገንዘብና መረጃ እያቀበሉ፣ ተይዘው ተገርፈው፣ ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ታስረው፣ ተመልሰውም ተዋግተዋል። ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ ፍቼ ላይ በ1929 ከተገደሉ በኋላ ጦር መርተዋል። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ያንኑ አዚናራን ያዩ ናቸው፤ በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል፣ ለፓርላማም ተመርጠዋል። እነዚህን ስሞች ያላወቀ ወጣት ይወቅ። ነገር ግን ልጠይቃችሁ፤ ከእነዚህ ወይዛዝርት ኋላ ስንቁን ተሸክማ የሄደችው ማን ናት? ውኃ የቀዳችው? በሶውን የበጠበጠችው? አያቴ በአርበኞች ቀን «እርስዎም እኮ አርበኛ ነዎት» ስንላቸው ይቆጡ ነበር። «እኔ ምን አርበኛ ነኝ? ሌሊት ፈጭቼ ጎህ ሳይቀድ የማስረክብ ሰው» ይሉናል። ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጩትን ዱቄት ማን እንደሚበላው ያወቀ ጣሊያን ቢኖር በዚያው ወፍጮ ላይ ይገድላቸው ነበር እኮ!

መዓዛ መንግሥቴ ይህን አይታለች። ለዚህ ነው የጦርነቱን ታሪክ በጦር ሜዳ ሳይሆን በሰው ቤት፣ በገረድ የጀመረችው። እኛ ግን ምን አደረግን? ጠመንጃ ላነሳችው ሂሩት አጨበጨብን፤ መጥረጊያ የያዘችውን ሂሩት አለፍናት። የሽፋኑን ሥዕል አየንና መጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ዘለልን።

እዚያ ምዕራፎች ውስጥ ሦስት ሴቶች አሉ። ሦስት ዘመን ማለት ናቸው። ምግብ አብሳይዋ አለች፤ ከዳር እስከ ዳር ስም የላትም። አስቴር አለች፤ እመቤት ናት፣ ግን ራሷም ገና ልጅ ሳለች ሳትወድ የተዳረች። ሂሩት አለች። አሁን የሚከብደውን ነገር ልናገር። ሂሩትን የሚገርፋት ጣሊያን አይደለም። መጀመሪያ የምትገርፋት አስቴር ናት። ያቺው አስቴር በኋላ የባሏን ካባ ደርባ ሴቶችን ለጦርነት ትጠራለች፤ ስትናገር ፀጉር ታቆማለች። ሁለቱም አንዲት ሴት ናት። ደራሲዋ አንዷን ለሌላዋ ስትል አልደበቀችልንም። እኔ ይህን መጽሐፍ የማከብረው በዚህ ነው፤ ስለ ጦርነቱ ከጻፈችው ሁሉ ይልቅ በዚህ።

ባለፈው ዓመት በአንዲት ወዳጄ ቤት ስለዚሁ መጽሐፍ ሰብሰብ ብለን እየተጨዋወትን ነበር። ሁሉም የተማረ ነው። አንዱ ስለ አተራረኩ ይላል፣ ሌላዋ ስለ ንጉሡ ትላለች። ቡና የምታፈላው ልጅ፣ ከገጠር የመጣች፣ የማታ ትምህርት የምትማር፣ ታዳምጠናለች። ሁለተኛውን እየቀዳች ሳለ ቀስ ብላ ለወዳጄ እንዲህ አለቻት፤ «እትዬ፣ ይቅርታ፤ ልጅቷ ደመወዟን ከፈሏት?»

አንዳንዱ ሳቀ። አንዱ «አንቺ ደግሞ!» አላት። እኔ ግን ሲኒዬን አስቀመጥኩ። አራት መቶ ገጽ ያለፈ መጽሐፍ አንብበን፣ ስለ ቅርጹና ስለ ምልክቱ ሁሉ አውርተን፣ ከመካከላችን ይህን የጠየቀ የለም። ደመወዟን ከፈሏት?

መልሱን ታውቁታላችሁ። አልከፈሏትም። እንዴት ይከፈላት? እንደ ልጅ ነው የምትታየው! «እንደ ልጄ ነው የማያት» የሚለውን ስንቴ ሰምታችኋል? ልጅሽ ከሆነች ለምን ማድ ቤት ወለል ላይ ትተኛለች? ልጅሽ ከሆነች ውርስ አላት? እንደ ደራሲዋ ቅድመ አያት ድርሻዬን ብላ ልትከስሽ ትችላለች? ልጅ ናት እንዳይባል ውርስ የላትም፣ ሠራተኛ ናት እንዳይባል ውል የላትም።

ይህን በ1928 ላይ ጥለነው ብንሄድ ደስ ባለን። ግን ቁጠሩት። ባርነትን የሚሽር አዋጅ በ1934 ዓ.ም. ወጣ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ 18 ያደረገው በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። አርባ ዓመት! ወደ ቤት ሠራተኛዋ ስንመጣ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል አገልግሎት ቅጥርን ከሽፋኑ አውጥቶ፣ ራሱን የቻለ ደንብ ይወጣለታል ብሎ አለፈው። የፋብሪካ ሠራተኛዋ የዓመት ዕረፍቷን በአዋጁ ትጠይቃለች። ሂሩት ዛሬ ብትኖር የምትጠይቀው በምኑ ነው?

ልብ በሉልኝ ያልኳችሁን ቦታ አሁን አምጡት። ኪዳኔ ውጅግራውን ሲወስድ ምክንያት ነበረው። ዛሬ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ከሄዱት እህቶቻችን አንዷን፣ አሁን ቀበሌያችን ውስጥ ትንሽ ሱቅ የከፈተች ናት፣ ይህን መጽሐፍ ስተርክላት ጠመንጃው ቦታ ላይ ስደርስ አቋረጠችኝ። «እኔንም ገና ከአየር ማረፊያ ቤት እንደገባሁ ማዳሟ ፓስፖርቴን ተቀበለችኝ» አለች። «እንዳይጠፋብሽ ነው አለችኝ። ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ቁልፉን ስታዞር ቆሜ አየኋት።» ሌላ ነገር አላለችም፤ ደንበኛ መጣና ስኳር ልትመዝን ተነሳች። እኔ የዚህን ልብ ወለድ ማሰሪያ ያገኘሁት እዚያ ሱቅ ውስጥ ነው ብል አላጋነንኩም። ከሂሩት ጋር ዝምድና የላትም። ከዚያ ቀን በፊት የሂሩትን ስም ሰምታም አታውቅም። ግን የትኛው ገጽ የእርሷ እንደሆነ ወዲያው አወቀች።

ሰዓቴ እያለቀ መሆኑን አወያይዋ በዓይኗ እየነገረችኝ ነው። መጽሐፉ እንከን የለበትም እያልኩ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ኦፔራ እያዳመጡ የሚተክዙባቸው ክፍሎች ለእኔ ረዝመውብኛል፤ እንደ ግሪክ ድራማ በኅብረት የሚናገሩት ድምፆችም አንዳንዴ የገባንን ነገር መልሰው ያስረዱናል። በአማርኛ የምናስበው ሕይወት በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የሚያጣው ጣዕምም አለ። ወጣት ደራሲያን እዚህ ካላችሁ፣ የሰባተኛዋን ሴት መጽሐፍ በአማርኛ የሚጽፍልን ገና አልመጣም፤ ቦታው ክፍት ነው። ስትጽፉ ግን ቶሎ ጠመንጃ አትስጧት። መጀመሪያ ስንት ሰዓት ተነስታ እሳት እንደምታቀጣጥል ጻፉ።

ለውይይቱ የምተወው አንድ ጥያቄ አለ። አስቴርና ሂሩት አብረው ዘመቱ፣ አብረው ተማረኩ፣ አብረው በዚያ ካሜራ ፊት ቆሙ። ግርፋቱ በዚህ ተሰረዘ? ብዙ አንባቢዎች «አዎ፣ መከራ እኩል አደረጋቸው» ይላሉ። እኔ አልስማማም። አስቴር ይቅርታ መጠየቅ ነበረባት ባይ ነኝ፤ ከጦርነቱ በፊት ለሠራችው፣ ጦርነቱን ሳትጠቅስ። የማትስማሙ እንዳላችሁ ከፊታችሁ አያለሁ። ማይክሮፎኑ ከኋላ ወንበር ይጀምር፤ እናንተ ከበሩ አጠገብ የመጣችሁት ልጆች ቀጥሎ ተዘጋጁ። አመሰግናለሁ።